አዲስና ዳግም የታተሙ የፖስት ፐንክ አልበሞች፦ ለጎጃም አድማጭ የቀረበ የምርጫ መመሪያ

ፖስት ፐንክ ተብሎ የሚጠራው የሙዚቃ ስልት፣ ፐንክ ከተባለው ፈጣንና ጯሂ የሮክ ዓይነት ቀጥሎ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ በእንግሊዝ ከተሞች ተነሥቶ የገነነው ለጥቂት ዓመታት ብቻ ቢሆንም፣ የዚያን ጊዜ አልበሞች እስከ ዛሬ ድረስ በአዲስ ሽፋን፣ በታደሰ ድምፅና በተጨማሪ ዲስኮች እየታተሙ ይሸጣሉ። በዚህ ላይ ካለፉት ዐሥር ዓመታት ወዲህ የደብሊን፣ የለንደንና የሚንስክ ወጣቶች ያንኑ ስልት ይዘው በርካታ አዳዲስ ሥራዎችን አውጥተዋል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ለንደን የሚኖር ሰው ሸክላ ቤት ገብቶ፣ አንዱን አስከፍቶ ሌላውን አስመልሶ መምረጥ ይችላል። በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ ወይም በፍኖተ ሰላም የሚኖር አድማጭ ግን ምርጫው የሚወሰነው በስልኩ ዳታ፣ በፍላሹ ላይ በቀረው ቦታና ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣው ውስጥ በሚያተርፍለት ጥቂት ስፍራ ነው። እንዲህ ላለው አድማጭ የአንድ መቶ ታላላቅ አልበሞች ዝርዝር አይጠቅመውም። የሚጠቅመው ሁለት አልበሞች ወይም የአንድ አልበም ሁለት እትሞች ፊቱ ሲቀርቡ የትኛውን እንደሚወስድና ለምን እንደሚወስድ ማወቁ ነው።

በምን ሚዛን እንምረጥ?

እኔ የምመርጠው በመጀመሪያ ባሱንና ድራሙን፣ ቀጥሎ የድምጻዊውን አነጋገር፣ በመጨረሻ ደግሞ እትሙን አይቼ ነው። የቡድኑን ዝና ከሚዛኑ ውስጥ አላስገባውም። ባሱን ማስቀደሜ ያለ ምክንያት አይደለም። በተለመደው የሮክ ሙዚቃ ዜማውን የሚመራው ጊታር ሲሆን፣ በፖስት ፐንክ ግን ብዙ ጊዜ ዜማውን የሚሸከመው ባስ ጊታሩ ነው፤ ጊታሩ በየመሐሉ ቆረጥ ቆረጥ እያደረገ ይገባል፣ ድራሙም ከሬጌ፣ ከፈንክና ከዲስኮ የተማረውን ምት ይመታል። ግጥሙን በእንግሊዝኛ ሙሉ በሙሉ የማይከታተል አድማጭም ይህን ሙዚቃ ያለ አስተርጓሚ የሚያገኘው በዚሁ በባሱ በኩል ነው። በአገሩ ቋንቋ የሚሰማው እንግሊዛዊም ቢሆን ከግጥሙ ብዙውን ሳይለይ ነው የሚወደው።

የድምጻውያኑ አወጣጥ ለጀማሪ የሚከብድ ነው ይባላል፤ አብዛኞቹ ከማዜም ይልቅ ይናገራሉና፣ ይጮኻሉና፣ አንዳንዴም የዕቃ ዝርዝር እንደሚያነብ ሰው ቃላትን ይደረድራሉና። ይሁን እንጂ በሠርግና በድግስ ላይ ፎካሪ መሐል ገብቶ፣ ማሲንቆው ከበስተኋላው እየተገዘገዘለት፣ ያለ ዜማ በምት ብቻ ሲፎክር እየሰማ ያደገ የጎጃም ሰው በዚህ አወጣጥ የሚደነግጥበት ምክንያት አይታየኝም። ቃል በምት ላይ ተቀምጦ፣ ሳይዘፈን፣ ሙዚቃ ሊሆን እንደሚችል ቀድሞውኑ ያውቃልና።

መሣሪያም ለብቻው ይመዘናል። የስልክ ትንሽ ስፒከር ዝቅተኛውን የባስ ድምፅ ጨርሶ ስለማያወጣው፣ በስልክ ብቻ የሚሰማ ሰው ከእነዚህ አልበሞች አንዳንዶቹን ሰማሁ ማለት አይችልም። መካከለኛ ኢርፎን ወይም ደህና ባስ ያለው ብሉቱዝ ስፒከር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ወጪ ማውጣት አያስፈልግም።

አንኖውን ፕሌዠርስ ወይስ ክሎዘር?

ጆይ ዲቪዥን ከማንችስተርና ከአካባቢው የተነሡ አራት ወጣቶች ቡድን ሲሆን፣ ድምጻዊው ኢያን ከርቲስ ሜይ 18 ቀን 1980 በ23 ዓመቱ ሕይወቱን እስካጠፋበት ጊዜ ድረስ ሁለት አልበሞች ብቻ ቀርጿል። የመጀመሪያው አንኖውን ፕሌዠርስ በ1979 በፋክተሪ ሬከርድስ ወጣ፤ ሁለተኛው ክሎዘር ከርቲስ ከሞተ ሁለት ወር በኋላ ለሕዝብ ደረሰ። ሁለቱንም ያቀናበረው ማርቲን ሃኔት ሲሆን፣ የአልበሞቹ ዝና ግማሹ የእርሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሃኔት የድራሙን ክፍሎች ለያይቶ ከመቅረጹም በላይ በእያንዳንዱ መሣሪያ መካከል ባዶ ቦታ ትቶ፣ የአሳንሰርና የሚሰበር ብርጭቆ ድምፅ ጭምር አስገብቶበታል። ባሲስቱ ፒተር ሁክ በልምምድ ጊዜ ርካሽ ማጉያው ዝቅተኛውን ድምፅ ስላላሰማው በላይኛው የባስ ክፍል መጫወት እንደ ጀመረ ተናግሯል፤ የቡድኑ ዋና መለያ የሆነው የዜማ ባስም የተወለደው ከዚሁ ችግር ነው።

ከሁለቱ መጀመሪያ መሰማት ያለበት አንኖውን ፕሌዠርስ ነው፤ ባሱ ከፊት ይሄዳል፣ ዘፈኖቹም ዐሥሩም የተለያየ ፍጥነት አላቸው። ክሎዘር ከእርሱ የጠለቀ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይሁንና የመጨረሻዎቹ ሁለት ዘፈኖቹ ከሞላ ጎደል የቀብር ሥነ ሥርዓት ድባብ ያላቸው በመሆናቸው፣ ይህን ስልት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሰማ ሰው መስጠት ተገቢ አይመስለኝም። በአውቶቡስ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ለመስማትም አልመክረውም፤ መንገዱ ራሱ ለልብ ይበቃል።

እትምን በተመለከተ ምርጫው ግልጽ ነው። በ2019 የአንኖውን ፕሌዠርስ አርባኛ ዓመት ሲከበር የወጣው ነጭ ሽፋንና ቀይ ቀለም ያለው ሸክላ ለዓይን ያማረ ቢሆንም አንድም ተጨማሪ ዘፈን የለውም። በ2007 የወጣው ባለ ሁለት ሲዲ እትም ግን በሁለተኛው ዲስኩ ላይ ቡድኑ በጁላይ 1979 ማንችስተር በሚገኘው ፋክተሪ ክለብ ያቀረበውን ኮንሰርት ይዟል። በመድረክ ላይ ያው ዘፈን ፈጣን፣ ሸካራና ቁጡ ሆኖ ይሰማል። የቡድኑ አባላት በጊዜው ሃኔት ድምፃችንን አለዘበብን ብለው ያጉረመረሙበትን ምክንያት ሁለቱን ዲስኮች ጎን ለጎን የሰማ ሰው በራሱ ጆሮ ይረዳዋል። ተጨማሪ ዲስክ ዋጋ የሚኖረው እንዲህ ያለ ልዩነት ሲያሳይ ነው። ያልተጠናቀቁ ሙከራዎችንና በሦስት ዓይነት የተቀነባበረ አንድ ዘፈን የያዘ ዲስክ ከሰብሳቢ በቀር ለማንም አይጠቅምም።

ሜታል ቦክስ ወይስ ኢንተርቴይንመንት?

ሁለቱም በ1979 የወጡ፣ ሁለቱም ከፐንክ በኋላ ሮክ ምን መሆን እንዳለበት የተከራከሩ አልበሞች ሲሆኑ፣ መልሳቸው ግን የማይገናኝ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ማነጻጸር ስልቱን ራሱን ከማወቅ አይተናነስም።

ሜታል ቦክስ ሴክስ ፒስትልስ የተባለው የፐንክ ቡድን ድምጻዊ የነበረው ጆን ላይደን ከዚያ ቡድን ወጥቶ ያቋቋመው የፐብሊክ ኢሜጅ ሊሚትድ ሁለተኛ አልበም ነው። መጀመሪያ የታተመው በክብ የብረት ቆርቆሮ ውስጥ በተደረደሩ፣ በደቂቃ 45 ጊዜ በሚዞሩ ሦስት ባለ 12 ኢንች ሸክላዎች ነበር። ይህ ለጌጥ ብቻ የተደረገ አልነበረም። ጥልቅ ባስ በሸክላ ላይ ሰፊ መስመር ይፈልጋል፤ አንድ ሰዓት ያህል የሚፈጀውን ሙዚቃ በሦስት ሸክላ ላይ ዘርግቶ በፍጥነት ማዞሩ የጃ ዎብል ባስ ሳይታፈን እንዲወጣ አስችሎታል። ዎብል የጃማይካን የደብ ሙዚቃ፣ ማለትም ባሱና ማሚቶው ጎልተው ዳግም የተቀነባበረ ሬጌን፣ አጥንቶ የሚጫወት ሰው ነው፤ አንድን መስመር ለዐሥር ደቂቃ ሳይሰለች ይደጋግመዋል። ኪት ሌቪን በአሉሚኒየም ጊታሩ በላዩ ላይ ብረት ብረት የሚል ድምፅ ይረጫል፣ ላይደንም እናቱ በካንሰር ስትሞት ያየውን በሰቀቀን ያሰማል። ቆርቆሮው ግን ለአጠቃቀም እጅግ የማይመች ነበር፤ ሸክላዎቹ ሳይቧጨሩ መውጣት ይከብዳቸዋል። በ1980 ያው ሙዚቃ ሰከንድ ኤዲሽን ተብሎ በሁለት ሸክላ ወጣ፤ በ2016 ደግሞ በአራት ሲዲ ወይም በአራት ሸክላ የተሟላ እትም ታተመ።

ኢንተርቴይንመንት በሊድስ ዩኒቨርሲቲ ዙሪያ የተሰባሰቡት የጋንግ ኦፍ ፎር የመጀመሪያ አልበም ነው። እዚህ ላይ ማሚቶ የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም ድምፅ ደረቅና ቅርብ ነው። አንዲ ጊል ጊታሩን እንደ ከበሮ ይመታዋል፣ ዝም በሚልበት ጊዜም ዝምታው ራሱ የምቱ አካል ይሆናል፤ ባሱና ድራሙ ከፈንክ የተወሰዱ በመሆናቸው ለጭፈራ የሚጋብዙ ሲሆን፣ ግጥሙ ግን ስለ ገበያ፣ ስለ ፍጆታ፣ ስለ ጦርነትና ቴሌቪዥን እየተከራከረ ይሄዳል። አንትራክስ በተባለው የመጨረሻ ዘፈን አንዱ ድምጻዊ በዜማ ስለ ፍቅር ሲያንጎራጉር፣ ሌላው በዚያው ቅጽበት የፍቅር ዘፈን ለምን እንደሚበዛ በተራ ንግግር ያብራራል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መከታተል አይቻልም፤ የተፈለገውም ይኸው ነው።

ምርጫዬ እንዲህ ነው። ደህና ስፒከር ያለው፣ አንድ ሰዓት ሙሉ መቀመጥ የሚችልና መደጋገም የማይሰለቸው ሰው ሜታል ቦክስን ይውሰድ። አንዳንድ የባሕር ዳር ባጃጆች በሚገጥሙት ትልቅ ስፒከር ቢከፈት ግሩም ይሆን ነበር፣ ተሳፋሪው ከታገሠ። በስልክና በተራ ኢርፎን የሚሰማ፣ ወይም ከመጀመሪያው ደቂቃ እግሩ እንዲነሣ የሚፈልግ ኢንተርቴይንመንትን ይውሰድ፤ የጊልን ጊታር ደካማ ስፒከርም አይሰውረውም። የመጀመሪያውን ወድዶ ሁለተኛውን የናቀ፣ ወይም የዚህን ግልባጭ ያደረገ ሰው አጋጥሞኛል፤ በሁለቱም ልቤ አልተቀየመም። በእኔ ሚዛን ግን ለጀማሪ ኢንተርቴይንመንት ይቀድማል።

ጊል በፌብሩዋሪ 2020 ከሞተ በኋላ ማታዶር የተባለው አሳታሚ በ2021 የቡድኑን የ1977–81 ሥራዎች በአንድ ትልቅ ሳጥን አወጣ። ሳጥኑ ኢንተርቴይንመንትን፣ በ1981 የወጣውን ሶሊድ ጎልድን፣ የነጠላ ዜማዎች ስብስብንና በ1980 የተቀረጸ ኮንሰርትን ከካሴትና ከመጽሐፍ ጋር የያዘ ነው። ሥራው በጥንቃቄ የተዘጋጀ ቢሆንም ለአንድ አዲስ አድማጭ ይበዛል፤ አልበሙን ብቻውን፣ ቢቻል ደግሞ የነጠላ ዜማዎቹን ስብስብ ጨምሮ መውሰድ ይበቃል። የ2016ቱ የሜታል ቦክስ እትምም ቢሆን የመጀመሪያው ዲስክ ብቻ የሚበቃበት ሥራ ነው፤ ከተጨማሪዎቹ ውስጥ በ1979 ማንችስተር ውስጥ የቀረበው ኮንሰርት ለማወቅ ጉጉት ላለው ሰው ይሰማ።

ረጅም ዘፈን የማይወድ አድማጭ ካለ ዋየር የተባለው የለንደን ቡድን በ1977 ያወጣውን ፒንክ ፍላግን ይያዝ። 21 ዘፈኖች በ35 ደቂቃ ገደማ ያልቃሉ፣ አንዱ ዘፈን ከግማሽ ደቂቃም ያንሳል። በ2018 የመጀመሪያዎቹ ሦስት አልበሞቹ እያንዳንዳቸው በደረቅ ሽፋን መጽሐፍ መልክ በድጋሚ ታትመዋል፤ መጽሐፉ ያምራል፣ ሙዚቃው ግን ያለ መጽሐፉም ሙሉ ነው።

ከካሪቢያንና ከአፍሪካ ምት የተጠጉት

ዴኒስ ቦቬል ባርቤዶስ ተወልዶ ለንደን ያደገ የሬጌ ሙዚቀኛ ሲሆን፣ በ1979 እርስ በርስ የማይመሳሰሉ ሁለት አልበሞችን አቀናብሯል። ከት ስሊትስ የተባለው ቡድን ሥራ ነው፤ ወጣት ሴቶች ሬጌን በራሳቸው መንገድ ቆራርጠው፣ እየሳቁና እየተሳለቁ የሠሩት የ32 ደቂቃ ሥራ። ዋይ ደግሞ ፖፕ ግሩፕ የተባለው የብሪስቶል ቡድን ሥራ ነው፤ ጩኸቱ፣ ሳክስፎኑና ፈንኩ እርስ በርስ ይዋጋሉ። ሚዩት የተባለው አሳታሚ ዋይን በ2019 በድጋሚ አሳትሞታል፤ በ2021 ደግሞ ቦቬል ራሱ በደብ መልክ ያቀናበረው ዋይ ኢን ደብ ወጥቷል። ከሁለቱ ከት ያለ ጥርጥር ይቀድማል። ዋይን መጀመሪያ በደብ መልኩ መስማት የተሻለ መግቢያ ነው ብል የቡድኑ ወዳጆች ይቆጡኛል፤ ቢሆንም ብያለሁ።

ቶኪንግ ሄድስ የኒው ዮርክ ቡድን ሲሆን፣ በ1980 ከአቀናባሪው ብራያን ኢኖ ጋር የሠራው ሪሜይን ኢን ላይት ከናይጄሪያዊው ፌላ ኩቲ ሙዚቃ በቀጥታ የተማረ አልበም ነው። በ2018 የቤኒኗ አንጀሊክ ኪድጆ አልበሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በራሷ መንገድ ደግማ ዘፈነችው፤ የፌላ ከበሮ መቺ የነበረው ቶኒ አለንም ተሳትፎበታል። የኪድጆ ሥራ የበለጠ ሞቃት ነው፣ አጃቢ ድምጻውያኑና የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ሙሉ ናቸው። የ1980ው ግን የሚያስጨንቅ ነገር አለው፤ በአንዱ ዘፈን ውስጥ አንድ ሰው በቤቱና በሚስቱ መካከል ቆሞ እዚህ እንዴት ደረስሁ እያለ ሲጠይቅ ሙዚቃው አንድ ቦታ ይሽከረከራል እንጂ መልስ አይሰጠውም። ለጭፈራ ኪድጆን፣ ለማዳመጥ ቶኪንግ ሄድስን እመርጣለሁ።

ከሁሉም ቀላሉ ግን የኢኤስጂ ነው። በኒው ዮርክ ሳውዝ ብሮንክስ ያደጉ እኅትማማች፣ እናታቸው መንገድ ላይ እንዳይውሉ መሣሪያ ገዝታላቸው የጀመሩት ቡድን ነው። በ1983 የወጣው ካም አዌይ ዊዝ ኢኤስጂ ባስ፣ ድራም፣ የእጅ ከበሮና ድምፅ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

አዲሶቹ

የደብሊኑ ፎንቴንስ ዲሲ ብዙ የሚወራለት ቡድን ነው፤ በምርጫው ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ2024 የወጣው ሮማንስ ሰፊ ተቀባይነት ቢያገኝም ከፖስት ፐንክ ርቆ ወደ ትልቅ መድረክ ሙዚቃ የሄደ ነው። በ2019 የወጣው ዶግረል የደብሊንን መንገዶች በከተማው ዘዬ እየጠራ የሚሮጥ፣ ጥሬና ፈጣን አልበም ነው። እኔ ከሁሉም የማስቀድመው በ2022 የወጣውን ስኪንቲ ፊያን ነው። መክፈቻው ዘፈን የተነሣው በእንግሊዝ ኮቨንትሪ ከተማ ከደረሰ እውነተኛ ጉዳይ ነው፦ አንድ የአየርላንድ ቤተሰብ በእናታቸው መቃብር ድንጋይ ላይ በአይሪሽ ቋንቋ ጥቂት ቃላት ለማስቀረጽ ሲጠይቅ፣ የቤተ ክርስቲያኒቱ ፍርድ ቤት በ2020 የእንግሊዝኛ ትርጉም ካልተጨመረበት አይቻልም አለ፤ ውሳኔው በይግባኝ የተሻረው በ2021 ነው። ከአገሩ ርቆ የሚኖር ዘመድ ያለው ሁሉ ያን ዘፈን፣ ቃሉን ባይለይ እንኳ፣ ከባሱ ክብደት ይረዳዋል።

የለንደኑ ድራይ ክሊኒንግ በ2021 ያወጣው ኒው ሎንግ ሌግ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ፍሎረንስ ሾው ድምፅዋን ሳታነሣ፣ ከየቦታው የለቀመቻቸውን ሐረጎች በተራ ንግግር ታስቀምጣለች፤ ከበስተኋላዋ ጊታር፣ ባስና ድራም በሙሉ ኃይል ይሠራሉ። እንግሊዝኛን በደንብ ለሚሰማ ሰው ያስቃል፤ በደንብ ለማይሰማ ግን ግማሹ ያመልጠዋል። በዚህ ጽሑፍ ከተነሡት አልበሞች መካከል በቋንቋ ምክንያት ይቆይ የምለው እርሱን ብቻ ነው።

በአንጻሩ የሚንስኩ ሞልቻት ዶማ በሩሲያኛ ስለሚዘፍን እንግሊዝኛ ያወቀና ያላወቀ እኩል ይሆናሉ። በ2018 የወጣው ኤታዢ መጀመሪያ በአንድ አነስተኛ የበርሊን አሳታሚ ታትሞ፣ በ2020 በአሜሪካው ሴክሬድ ቦንስ ዳግም ወጣ፤ በዚያው ዓመት ሱድኖ የተባለው ዘፈን በቲክቶክ ዓለምን አዳረሰ። የዘፈኑ ግጥም የሩሲያዊው ባለቅኔ የቦሪስ ሪዢ ነው። ድራሙ ማሽን ነው፣ ድምፁም ሆን ተብሎ እንደ አሮጌ ካሴት የደበዘዘ ነው፤ ስለዚህ በደካማ መሣሪያም ቢሰማ ብዙ አይጎዳም። ከአዲሶቹ ውስጥ ለጀማሪ ይህን እመርጣለሁ።

ኪዩር የተባለው የእንግሊዝ ቡድን በ2024 ከ16 ዓመታት ዝምታ በኋላ ያወጣው ሶንግስ ኦፍ ኤ ሎስት ወርልድ ለትዕግሥተኛ ሰው የሚሆን ነው። በመክፈቻው ዘፈን ድምጻዊው አፉን የሚከፍተው ከሦስት ደቂቃ በኋላ ሲሆን፣ በመዝጊያው ደግሞ ከስድስት ደቂቃ በላይ ይጠበቃል። ድምጻዊው ሮበርት ስሚዝ የወንድሙን ሞት ያነሣበት ዘፈን በውስጡ አለ። አይድልስ የተባለው ቡድንም በዚሁ ዓመት ታንግክን አውጥቷል፤ የእነርሱን ለሚፈልግ ግን በ2018 የወጣው ጆይ አዝ አን አክት ኦፍ ሪዚስታንስ ይሻላል።

ጌታቸው መኩሪያና ዘ ኤክስ

በዚህ ስልት ውስጥ ለእኛ የቀረበው በር በአምስተርዳም በኩል የሚከፈት ነው። ዘ ኤክስ በ1979 የተመሠረተ የሆላንድ ቡድን ሲሆን፣ ከ2002 ጀምሮ ደጋግሞ ወደ ኢትዮጵያ እየመጣ ተጫውቷል። ከዚያ በፊት ይፋት የተወለደው ሳክስፎኒስት ጌታቸው መኩሪያ የጦረኞችን ሽለላ ከሰው ጉሮሮ ወደ ሳክስፎን ያሻገረ ሰው በመሆን በአገሩ የታወቀ ነበር። በ1972 በፊሊፕስ የታተመው ሸክላው በ2003 በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት ኢትዮፒክስ የተባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ስብስብ ቅጽ 14 ሆኖ በድጋሚ ወጣ። በ2004 ዘ ኤክስ 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር ጌታቸው አምስተርዳም ተጋብዞ ተጫወተ፤ ከዚያም ቡድኑ አጃቢው ሆኖ አልበም እንዲሠራለት ጠየቀ። በ2006 ሞአ አንበሳ ወጣ፤ በ2012 ደግሞ የአንበሳው ትዝታ ተከተለ። ጌታቸው በ2016 ዐርፏል።

ስለዚህ ምርጫው በሦስት ሥራዎች መካከል ነው። የ1972ቱ ሸክላ በዳግም እትሙ ሲሰማ ጌታቸው ብቻውን ፊት ለፊት ይቆማል፤ አጃቢው ቀጭን ነው፣ ሳክስፎኑም የፎካሪ ትንፋሽ እንዳለው ይሰማል። ሞአ አንበሳ ግን ፍልሚያ ነው። ሁለቱ ጊታሮች እንደ ቢላዋ ስል ሆነው ይገባሉ፣ ካተሪና ቦርንፌልድ ድራሙን ከፐንክ ይልቅ ወደ እኛ ምት ጠጋ አድርጋ ትመታለች፣ ክላርኔትና ትሮምቦን ይጨመራሉ። ጌታቸው ሰባ ዓመት የደፈነ ቢሆንም ሁሉንም ከፊት ሆኖ ይመራቸዋል እንጂ አይጎተትም። ቼ በለው ሽለላ የተባለውን የሰማ ጎጃሜ ፈረንጆቹ ምን ነካቸው ብሎ ይጠይቅ ይሆናል፤ ለሁለተኛ ጊዜ ሲሰማው ግን ጊታሩ የተቀመጠው ማሲንቆ በሚቀመጥበት ቦታ እንደሆነ ይገባዋል። የአንበሳው ትዝታ ረጋ ያለ ነው፤ በሁለት ዲስክ የወጣ ሲሆን ዕድሜ የጠገበ ሰው የሚወዳቸውን ዜማዎች ተቀምጦ የሚያነሣበት ሥራ ነው።

ሽለላና ቀረርቶ የሚያውቅ፣ ፖስት ፐንክን ግን ጨርሶ ሰምቶ የማያውቅ ሰው ከሞአ አንበሳ ይጀምር። እርሱን ከወደደ ቀጥሎ ወደ ኢንተርቴይንመንት ይሻገር፤ የጊልን ደረቅ ጊታር በዘ ኤክስ ጊታሮች ለምዶታልና አይከብደውም። ዘ ኤክስ ያለ ጌታቸው ምን እንደሚመስል ማወቅ የሚፈልግ ደግሞ በ2025 የወጣውን ኢፍ ዩር ሚረር ብሬክስን ይሞክር። ቡድኑ ዛሬ ሦስት ጊታርና አንድ ድራም ብቻ ነው፣ ባሲስት የለውም፤ ይህም ባስን አስቀድሙ ያልሁትን ሚዛኔን የሚቃወም ሥራ ቢሆንም ወድጄዋለሁ። ከጊታሮቹ አንዱ ወርዶ የባሱን ቦታ ይሸፍናል።

ፋይል፣ ቦታና ክፍያ

ከዩቲዩብ የተቀዳ ፋይል ሁለት ጊዜ የተጨመቀ ስለሚሆን፣ አንዳንዱም ፍጥነቱ ተለውጦ ስለሚጫን፣ ባንድካምፕን ከመሰለ የኢንተርኔት ሙዚቃ ገበያ በቀጥታ ማውረድ ይመረጣል። እዚያ አንድ ጊዜ የተገዛ አልበም በተለያየ የፋይል ዓይነት ደጋግሞ ሊወርድ ይችላል፤ የውጭ ምንዛሪ ካርድ የሌለው ሰው ውጭ ያለ ዘመዱ አልበሙን በስጦታ መልክ በኢሜይል እንዲልክለት ማድረግ ይችላል። የዘ ኤክስ ሥራዎች በዚሁ መንገድ ይገኛሉ።

መጠኑን ለማስላት፦ በሰከንድ 320 ኪሎቢት ሆኖ የተዘጋጀ ኤምፒስሪ ለአንድ ደቂቃ 2.4 ሜጋባይት ይፈልጋል። በዚህ ስሌት ከት 77፣ አንኖውን ፕሌዠርስ 95 ያህል፣ ሜታል ቦክስ 145 ሜጋባይት ገደማ ይሆናሉ። ምንም ሳይጎድል የተጨመቀው ፍላክ ለ40 ደቂቃ አልበም ከ200 ሜጋባይት በላይ ይወስዳል፤ በኢርፎንና በብሉቱዝ ስፒከር ለሚሰማ ሰው ግን ልዩነቱ አይታወቅም፤ ስለዚህ 320 ይበቃዋል። ቦታ ጠቦ ወደ 128 መውረድ ግድ ከሆነ አስቀድሞ የሚጎዳው ባሱ ሳይሆን ላይኛው ድምፅ፣ ማለትም የድራሙ ሰሐንና ማሚቶው ነው። በመሆኑም ኢኤስጂንና ኤታዢን ወደ 128 ማውረድ ይቻላል፤ የሃኔትን የድራም ሥራና የሌቪንን ጊታር የያዙት አንኖውን ፕሌዠርስና ሜታል ቦክስ ግን ወደ 128 መውረድ የለባቸውም። ለእነርሱ ቦታ ለማግኘት ሌላ ፋይል ከፍላሹ ላይ ይሰረዝ፤ ከዳግም እትሞቹ የሙከራ ቅጂዎች ቢጀመር የሚቀርበት ሰው የለም።